ሌባ የላከልኝ በግ

ሌባ ከሚወስድብህ ይልቅ ሌባ የሚሰጥህ ይበልጥ ያዋርድሃል። አትሳቁ፤ ደርሶብኝ ነው። የተሰረቀ ሰው ቢያንስ ማዕረግ አለው። ጎረቤት ይሰበሰብለታል፣ «እግዜር ይተካልህ» ይባላል፣ ሌባው በየት በኩል እንደገባ ለጠየቀው ሁሉ አጥሩን እያስጎበኘ አንድ ሳምንት ተከብሮ ይሰነብታል። ሌባ የሰጠው ሰውስ? «እግዜር ይተካልህ» እንዳይሉት የጎደለበት የለም። «እንኳን ደስ አለህ» እንዳይሉት ነገሩ የሌባ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ውስጥ ሰው ሰላም ሲለኝ፣ ከእኔና ከባለቤቴ ጤና ቀጥሎ የሚጠይቀኝ «በጓስ?» ብሎ ነው።

ከሥሩ ልንገራችሁ። መስቀል ሊገባ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። አንዳንዶቻችሁ መስቀል ማለት ደመራ አይቶ፣ ጭሱ ወዴት እንዳጋደለ ተከራክሮ ወደ ቤት መግባት ይመስላችሁ ይሆናል። ጋሞ ውስጥ መስቀል ዓመቱ ራሱ ነው። ሰው ዓመቱን ሙሉ ለመስቀል ይቆጥባል፣ የተጣላ ለመስቀል ይታረቃል፣ በሬው በማኅበር ይገዛል፣ የትም አገር ያለ ልጅ ለመስቀል ይመጣል። እኔ ደግሞ የጎጃም ሰው ነኝ። ተመድቤ ስመጣ «ሁለት ዓመት አስተምሬ እዛወራለሁ» እንዳልኩ ሃያ ስምንት ዓመት ሞላኝ። የማስተምረው ሥነ ዜጋ ነው። ታማኝነት የሚለውን ምዕራፍ በእንቅልፌም ቢሆን አስተምረዋለሁ... ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ታስፈልገናለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ ባጃጅ ቆመ። ከኋላው ወንበር ላይ አንዲት በግ ተቀምጣለች። እውነቴን ነው፣ እንደ ተሳፋሪ ነው የተቀመጠችው። አንገቷ ላይ ቀይ ሪባን ታስሯል፤ ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ እስከ ሴቻ ያለውን ዳገት ስትወጣ የነፈሳት ነፋስ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስተኝቶታል። ለሥራ ጉዳይ ወደ ዞን መሥሪያ ቤት የመጣች ነው የምትመስለው።

«አቶ ይርጋ ነዎት?» አለኝ ሹፌሩ።

«ነኝ።»

«ስጦታ ነው። ይፈርሙ።»

ነገሩን አስረዳኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ስጦታ አድራሽ ድርጅት አለ። ሰው የትም ሆኖ በኢንተርኔት አዝዞ በባንክ ካርድ ይከፍላል፤ ድርጅቱ ደግሞ በየከተማው ባሉት ወኪሎቹ ገዝቶ ያደርሳል። ወረቀቱ ላይ ሙሉ ስሜና ስልኬ ሳይዛነፍ ሰፍሯል። የላኪው ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ ግን ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ከአክባሪዎ»።

ባለቤቴ ጽጌ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ወጣች። በጓን አየች፣ ሪባኑን አየች፣ እኔን አየች።

«ከማን ነው?»

ራስ ሲመለጥና አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይባል የለ? «ከታምራት ነዋ» አልኳት።

ታምራት የድሮ ተማሪዬ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ መሐንዲስ ሆኗል። ከሁለት ዓመት በፊት ሰው ሠርግ ላይ አግኝቶኝ «መምህር፣ ውለታዎን አልረሳም» ብሎኝ ነበር። ማስረጃዬ ይኸው ነው። ሌላ የለኝም። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ... ሃያ ስምንት ዓመት ያስተማረ ሰው ደጁ ላይ ሪባን ያሰረች በግ ስትቆም «ከማን ይሆን?» ብሎ ይመረምራል? አይመረምርም። «እስካሁን የት ቆየች?» ነው የሚለው።

ዝም ብዬ ብቀመጥ ጥሩ ነበር። እኔ ግን በጓን ይዤ አጥሩ ሥር ሄድኩ። ከአጥሩ ወዲያ የሚኖረው መምህር ኃይሉ ነው። ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድሞ የመጣ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ከተማሪ አንዲት ጫጩት ያልደረሰው ሰው። 

«ኃይሉ፣ እስቲ ብቅ በል። ታምራትን ታስታውሰዋለህ? በግ ላከልኝ።»

ኃይሉ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ በጓን ለረጅም ጊዜ ተመለከታት።

«ላንተ ብቻ?» አለ።

«እንግዲህ ሒሳብ ሰውን ያማርራል፤ ሥነ ዜጋ ግን ሰውን ይቀርጻል» አልኩት። አዎ፣ ብያለሁ። አሁን ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

ለታምራትም ወዲያው መልእክት ላክሁለት። «ልጄ ታምራት፣ ያሰብክልኝ ደርሶኛል። ተባረክ፣ እደግ» አልኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሱ መጣ፦ «ምን አደረግኩና መምህር! ለእርስዎ ያንሳል እንጂ አይበዛም።» ስልኩን ይዤ ለኃይሉ አሳየሁት፣ ለጽጌ አሳየሁት፣ ለባለ ሱቁ አሳየሁት። እናንተ ግን እዚህ ላይ ቆም በሉና መልሱን እንደገና አንብቡልኝ። ላክሁ ይላል? አይልም። አልላክሁም ይላል? እሱንም አይልም። በፈተና ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ መልስ ባገኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

ቅዳሜ ዕለት ስልክ ተደወለ። ድምፁ የጎርናና ጎልማሳ ድምፅ ነው።

«ከስጦታ ድርጅቱ ነው። አንዲት በግ በስህተት ደርሳዎታለች። ሰው ልከን እናስወስዳታለን። ጣጣ እንዳይሆንብዎት ለማንም ባይናገሩ ይሻላል።»

«ወንድሜ፣ በጓ ከተማሪዬ ነው የመጣችው። ሰው ተሳስተሃል» ብዬ ዘጋሁበት። ብልህ መስያችሁ እንዳታደንቁኝ። ሌባ መሆኑን ጠርጥሬ አልነበረም የዘጋሁት፤ ክብሬን በገመድ ጎትቶ ሊወስድብኝ መስሎኝ ነው።

በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋሽ አንጁሎ ሊያዩዋት መጡ። ጋሽ አንጁሎ ከፊት ለፊታችን የሚኖሩ፣ ከጋሞ ደጋ ከገረሴ የመጡ ሰው ናቸው። የእርሻ ልማት ሠራተኛ ሆነው ደጋውን በሙሉ በእግራቸው ዞረው ጡረታ ወጥተዋል። በሰፈራችን ሰው ሲጣላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ከብት ሲታመምም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ በሁለቱም ጊዜ የሚሠሩት አንድ ነው፣ ብዙ ያያሉ፣ ትንሽ ይናገራሉ። በጓን ዞሯት፤ ጎኗን ዳበስ ዳበስ አደረጓት።

«መምህር፣ ይህቺን ለመስቀል አታርድም» አሉኝ።

«ምነው ጋሽ አንጁሎ? ታመመች?»

«ሁለት ነች።»

እንዳሉትም ሰኞ ጧት በሽፈራው ዛፋችን ሥር ወለደች። ጥቁር ግልገል፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት። ጽጌ በሠርግና በለቅሶ ብቻ የምለብሳትን ነጠላዬን አምጥታ ጠቀለለቻት። «የምትለብሰው ሌላ የለም?» ብላት «አንተ ነህ አያቷ» አለችኝ። ደገኛዋ በግ የአርባ ምንጭ ሙቀት አልተስማማትምና ምላሷን አውጥታ ታለከልካለች፤ እኔ በጆግ ውሃ አጠጣለሁ። እንዲህ ባለ የቤተሰብ ደስታ ላይ እያለን ነው እንደገና ስልክ የተደወለው። ያሁኗ ወጣት ሴት ናት፤ ትሑት ናት፤ ወረቀት እንደምታነብ ያስታውቃል።

«አቶ ይርጋ? ከስጦታ አድራሽ ድርጅቱ ነው የምደውለው። ባለፈው ሐሙስ አንድ ዕቃ ደርሶዎታል?»

«ዕቃ አልደረሰኝም። የደረሰኝ በግ ነው።»

«እሱን ነው ያልኩት፤ እኛ ጋ ሁሉም ዕቃ ነው የሚባለው። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ክፍያው የተፈጸመው በተሰረቀ የባንክ ካርድ ነው። ባለካርዷ ውጭ አገር ያሉ ሴትዮ ናቸው። ሒሳባቸው ላይ በግ የሚል አይተው ለባንካቸው አመለከቱ። ስለዚህ ዕቃውን እንዳይጠቀሙበት፣ እንዳይሸጡት፣ ለሌላ ሰውም አሳልፈው እንዳይሰጡት እንጠይቃለን።»

የውሃውን ጆግ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። እሷ ግን ቀጠለች። 

«የምሞላው ቅጽ አለ። ማሸጊያው ተከፍቷል?»

«ሪባኑን ማለትሽ ከሆነ በልታዋለች።»

«ዕቃው በደረሰዎት ጊዜ በነበረበት ሁኔታ ላይ ነው ያለው?»

ዞር ብዬ ወደ ሽፈራው ዛፉ አየሁ። «አይደለም» አልኩ።

«ጉዳት ደርሶበታል?»

«ወልዷል።»



«እ... ይድገሙልኝ?»

«ዕቃው ዛሬ ጧት ወልዷል። ሴት ነች። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አለች ልጅቱ ከልቧ። ወዲያው ሥራዋ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ድምፅዋን አስተካክላ «ቅጹ ላይ ግን እንዲህ የሚል ቦታ የለም» አለችኝ።

ከዚያ የሌቦቹን ዘዴ ነገረችኝ። በተሰረቀ ካርድ ዕቃ ያዝዛሉ፤ ራሳቸው እንዳይያዙ ስሙንና ስልኩን ባገኙት በማያውቁት ሰው ስም ያስልካሉ። ቀጥለው ይደውሉና «በስህተት ነው የደረሰዎት» ብለው ተረክበው ይሸጣሉ። ጨዋ ሰው ደግሞ የሰው ዕቃ ለመመለስ ይቸኩላል፤ በጨዋነቱ ሌባውን ያግዛል።

«ደውሎልዎት ነበር?»

«ቅዳሜ ደውሏል።»

«ጎበዝ ነዎት፣ አለመስጠትዎ። የኛ ሰው መጥቶ ይረከብዎታል።»

«ልጄ፣ እሱም ከድርጅቱ ነኝ ነው ያለኝ። አንቺስ አንቺ መሆንሽን በምን ልወቅ?»

ይህን የጠየቃት ሰው ያለ አይመስለኝም። «አለቃዬን ጠይቄ...» ብላ ዘጋችው።

እንግዲህ ተመልከቱኝ። በግቢዬ ውስጥ የተሰረቀች በግ አለች፤ በስርቆት ላይ የተወለደች ግልገል አለች፤ ሁለቱንም የኔ ናቸው የሚሉ ሁለት ሰዎች በስልክ አሉ። ይህ ሁሉ ግን አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ታምራት ምንም አልላከልኝም። ሃያ ስምንት ዓመት አስተምሬ በግ የላከልኝ ብቸኛ ሰው ሌባ ነው። እናም ይህን ኃይሉ ሊሰማ ነው! አፈርኩ።

«ታዲያ ታምራት?» አለችኝ ጽጌ።

«ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም። መጥተው ሲወስዷት ለሰው 'ለእርባታ ደጋ ላክናት' እንላለን።»

«የሰው ወርቅ አያደምቅ አሉ» አለችና ግልገሏን አቅፋ ገባች። ሴትዮዋ በእኔ ላይ ተረት የምታወርደው በጣም ስትታዘበኝ ብቻ ነው።

የባሰው ደግሞ ኃይሉ ነው። ማክሰኞ አጥሩ ላይ አገኘሁት፤ ስልኩን አቀርቅሮ ይነካካል። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ለድሮ ተማሪዎቹ በየተራ የሰላምታ መልእክት ይልክ ኖሯል። «እንዲያው እንዴት ናችሁ ለማለት ነው» አለኝ። «መለሱልህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አንዱ መልሶልኛል» አለ። ምን ብሎ እንደመለሰለት ግን አልነገረኝም።

ለጋሽ አንጁሎ የካርዱን ነገር ሹክ አልኳቸው፤ የኔን ውሸት ግን ዘለልኩት። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና አንዲት ቃል ተናገሩ፦ «ጎሜ ነው።»

ጎሜ ማለት ጋሞዎች ዘንድ የተከለከለ ነገር ያደረገ ሰው፣ ደብቆ ሲቀመጥ የሚመጣበት ጣጣ ነው። ሰው ይታመማል፣ ከብት ይሞታል፣ ዝናብ ይቀራል። ሽማግሌዎቹ «ምን አድርገሃል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሰውየው በሰው ፊት ካልተናገረ አይለቀውም።

«ጎሜ የሚወጣው በአፍ ነው» አሉኝ ጋሽ አንጁሎ። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝና ፈገግ አልኩ። በማግሥቱ የቧንቧ ውሃ ጠፋ። የቧንቧው እንኳ ድሮም ይጠፋል። ከሰዓት በኋላ ግን በጓ በረንዳ ላይ ያስቀመጥኩትን የዓመቱን ትምህርት ዕቅድ ከነሽፋኑ በላችው። ጽጌ በጓን አልተቆጣችም፤ እኔን ነው የተመለከተችኝ።

ባለ ጎርናናው ድምፅም በዚያው ቀን እንደገና ደወለ። ምን እንደምለው ጋሽ አንጁሎ አስቀድመው መክረውኛል። «ለሁለቱም ቅዳሜ ኑ በላቸው። ቤትህ ውስጥ ግን እንዳትሰጥ። ከብት በጓዳ አይሰጥም። ሜዳ ላይ ነው፣ ሰው ባለበት።» እኔም ለሰውየው «ቅዳሜ ሦስት ሰዓት» አልኩት፤ ለልጅቱም ደውዬ ያንኑ አልኩ። ገረሴ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የሚታየው ዱቡሻ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ በሚሰበሰቡበት ሜዳ ነበር። ሴቻ ላይ ዱቡሻ ስለሌለን የጋሽ አንጁሎ ማንጎ ዛፍ ሥር ተስማማን።

ቅዳሜ ጧት ከማንጎው ሥር ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቦ አገኘሁት። «ጥቂት ምስክር ይበቃል» ብዬ ነበር፤ ጋሽ አንጁሎ ግን ለበዓል ከገረሴ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረው፣ ኃይሉን ከፊት አስቀምጠውታል። በጓ ከዛፉ ጋር ታስራለች፤ ግልገሏ በነጠላዬ ተጠቅልላ ጽጌ ጭን ላይ ናት። ሦስት ሰዓት ሲሆን አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው በሞተር መጣ። በእጁ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዟል። ሰው ብዛቱን ሲያይ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ከድርጅቱ ነኝ። ቶሎ ብትሰጡኝ... ሌላም የማደርሰው አለ» አለ። ድምፁ ያ ጎርናናው ነው።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉ ጋሽ አንጁሎ። ተቀመጠ። እርጥብ ሣር ነጭተው በሁለት እጃቸው ሰጡት። «እኛ ጋ ነገር የሚያልቀው እንዲህ ነው። ሣሩን ያዝ። በጓ የማን እንደሆነች፣ አንተን ማን እንደላከህ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተናገር። ሦስት ጊዜ።»

ሰውየው ሣሩን ይዞ ዙሪያውን አየ። ማንም አልተናገረም። እኔ በስብሰባ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የሰው ጫጫታ አያስደነግጠኝም። ያን ጧት የነበረው ዝምታ ግን ሌላ ነው። ሽማግሌዎቹ አይቆጡም፣ አያስፈራሩም፣ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። 

«በጓ... የድርጅቱ ናት» አለ አንድ ጊዜ። ላቡ በመነጽሩ ሥር ወረደ። ሁለተኛውን ሊጀምር አፉን ሲከፍት በጓ ገመዷ እስከሚደርስ ተንጠራርታ ሣሩን ከእጁ ላይ በላችው። እየቆረጠመች ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ከገረሴ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ በጋሞኛ የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ሌላው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስልክ እየተደወለልኝ ነው፣ መጣሁ» አለ ሰውየው። ስልኩ አልጮኸም። ወደ ሞተሩ ሄደ፤ አስነሣ፤ ዳገቱን ወደ ሲቀላ ሲወርድ አየነው። ወረቀቱን እንኳ ጥሎት ነው የሄደው። ያንን ደግሞ መሬት ሳይደርስ በጓ ተቀበለችው።

ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። እኔም እፎይ ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። አለቀ ብዬ ነዋ።

«የት ነው?» አሉኝ ጋሽ አንጁሎ። በእጃቸው ሌላ እርጥብ ሣር ይዘዋል። «በጓን ራቅ አድርጋችሁ እሰሯት። አሁን ደግሞ መምህር።»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«አላውቅም። አንተ ታውቃለህ። ይህቺ በግ ስትመጣ ከማን መጣች ብለህ ነበር ለሰፈሩ የነገርከው?»

ታማኝነትን በእንቅልፌ የማስተምረው ሰው ሣሩን ያዝኩ። ያን ያህል ቀላል ነገር እንደዚያ ሲከብድ አይቼ አላውቅም። ከፊቴ ኃይሉ ተቀምጧል። መዋሸት ይቻል ነበር። «ተሳስቼ ነው» ብዬ ማለፍም ይቻል ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ ሲጠብቅህ፣ አፍህ ካንተ ሳያስፈቅድ እውነቱን ያወጣዋል።

«ታምራት አልላከልኝም» አልኩ። «ማን እንደላከ አላውቅም ነበር። ላኪው ማን ነው ስባል የወደድኩትን ስም ጠራሁ። ሌባ የላከው መሆኑን ካወቅሁ ደግሞ ስድስተኛ ቀኔ ነው፤ አፍሬ ደበቅሁ። ኃይሉ፣ ባንተ ላይ ለመኩራት ነው። ይቅር በለኝ።»

ኃይሉ ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም። ተነሥቶ ከሣሩ ግማሹን ከእጄ ወሰደ።

«እኔም አለብኝ» አለ። «ላንተ ሲላክ ቀንቼ ለሠላሳ ተማሪ ሰላምታ ላክሁ። የመለሰልኝ አንድ ነው። 'ይቅርታ፣ ማን ልበል?' ነው ያለኝ።»

ከዚያ በኋላ የሳቀው ሰፈሩ ብቻ አይደለም። ሽማግሌዎቹም ሳቁ፤ እኔና ኃይሉ ተደጋግፈን ሳቅን።  ወደ ቤት ስንመለስ «ጋሽ አንጁሎ፣ ሦስት ጊዜ የሚባለው የጥንት ሥርዓት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሣሩ የጥንት ነው» አሉኝ። «ሦስት ጊዜውን ለሰውየው ብዬ ነው የጨመርኩት።»

የድርጅቱ እውነተኛ ሰው ሁለት ሰዓት አርፍዶ አምስት ሰዓት ላይ መጣ፤ ያ ባለ ባጃጁ ራሱ ነው። ወረቀቱን አየ፣ ጽጌ ጭን ላይ ያለችውን አየ፣ ራሱን አከከ።

«ሲስተሙ ላይ አንድ ነው ያለው። ሁለት መረከብ አልችልም።»

«እናቲቱን ወስደህ የምትጠባዋን የት ትጥላታለህ?» አሉት ጋሽ አንጁሎ። ወደ ልጅቱ ተደወለ፤ ልጅቱ ወደ አለቃዋ ደወለች። ሰኞ ዕለት መልሱ መጣ። ለባለካርዷ ሴትዮ ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋል፤ ድርጅቱ በጓን ትቷታል፤ «ለሚገባው ሰው ይስጧት» ተባልን፤ በጽሑፍም ላኩልን። የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ ለመወሰን ሽማግሌ አላስፈለገም። ገረሴ ያሉት የጋሽ አንጁሎ እህት በክረምቱ ላማቸው ሞታባቸዋለች። በጓም ግልገሏም ወደ ብርዳቸው ተመለሱ። ጽጌ አለቀሰች። ነጠላዬም አብራ ሄደች።

እንግዲህ ያላዘዛችሁት ዕቃ ደጃችሁ ቢቆም፣ እኔ የምመክራችሁ እንዳትበሉት፣ ለደወለ ሁሉ እንዳትሰጡት፣ ለድርጅቱ ራሳችሁ ፈልጋችሁ እንድትደውሉ ነው። ከሁሉ በፊት ግን በአጥር ላይ እንዳታሳዩት።

ታምራት ጋ ለመደወል ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

«ታምራት፣ በግ ልከህልኛል?»

«አልላክሁም መምህር።»

«ታዲያ ሳመሰግንህ ለምን ዝም አልክ?»

«መጀመሪያ የረሳሁት ነገር ያለ መሰለኝ። ከዚያ አፈርኩ። መላክ ነበረብኛ።»

«እኔም አፍሬያለሁ» አልኩትና ሁሉንም ነገርኩት፤ የኃይሉን ሠላሳ መልእክትም ጭምር። ታምራት ሲስቅ ቆየና ድንገት ሳቁን አቆመ። «መምህር ኃይሉ? ውይ... እኔን መሐንዲስ ያደረጉኝኮ እሳቸው ናቸው» አለኝ። እንግዲህ ሰው መቅረጽ ይሉሃል ይህ ነው። ዋጥኩት።

በመስቀል ዋዜማ ጧት በራችን ላይ ባጃጅ ቆመ። ያው ሹፌር ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ቀይ ሪባን ያሰረ በግ ተቀምጧል።

«ስጦታ ነው። ይፈርሙ።»

«አልፈርምም» አልኩና በሩን ዘጋሁበት። ከዚያ በጓሮ ዞሬ ጋሽ አንጁሎን ጠራሁ፣ ኃይሉን ጠራሁ፣ ሣር ነጨሁ። ማንጎው ሥር ሹፌሩን ሣር አስያዝነው። «ጌቶቼ፣ እኔ ሹፌር ነኝ» ይላል ሰውየው። ወረቀቱን ኃይሉ ተቀብሎ አነበበ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አነበበ። «ከታምራት፣ ለመምህር ይርጋና ለመምህር ኃይሉ» ይላል።  «ለሁለት... ያለ ቀሪ ይካፈላል» አለ ኃይሉ።

እኔ ግን የተነደፍኩ ሰው ነኝ። ለታምራት ደውዬ ስልኩን ለጋሽ አንጁሎ ያዝኩላቸው።

«ልጄ፣ የተከፈለበት ካርድ የማን ነው?»

«የራሴ ነው አባቴ።»

«ሦስት ጊዜ በል።»

ታምራት አዲስ አበባ ቢሮው ውስጥ ሆኖ ሦስት ጊዜ አለ። የሥራ ባልደረቦቹ ከጎኑ ሲስቁ ይሰማል። ጋሽ አንጁሎ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ባጃጁ ሄዱ። የበጉን ጎን ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ይሄ አንድ ነው» አሉ።

ያኔ ፈረምኩ።